ከኩሮኢዋ በላይ

ኬንጎ እንደገና በፊቱ ተደፋ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ መለማመጃው ክብ ውስጥ በተነሰነሰው አሸዋ ላይ ተንጠባጠበ። ኩሮኢዋ ፀጉሩን ይዞ ቀና አደረገው።

«አቃሰትክ እንዴ?»

«አላቃሰትኩም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ጆሮዬ ነው የዋሸኝ?» አለና አንድ እፍኝ አሸዋ ዘግኖ አፉ ውስጥ ጎሰጎሰለት። «በል አሁን አቃስት።»

ኬንጎ አሸዋውን ከደሙ ጋር ዋጠው። ከዚያም እንደ ቤቱ ደንብ ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለ። ሱሞ በሚባለው የጃፓን ትግል ቤት ውስጥ የደበደበህን ታመሰግናለህ። በማዕረግ የሚበልጥህ ከሆነ ጀርባውንም ታጥበዋለህ፣ ከድስቱ የሚደርስህም እሱ በልቶ የተረፈው ነው። ኬንጎ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኩሮኢዋ ሃያ። ግን ዕድሜን ማን ቆጠረው? ኩሮኢዋን ዱላ ያስጨበጠችው ማዕረጉ ናት።

ያቺ ማዕረግ ደግሞ መነቃነቅ ጀምራለች። በውድድሩ እያንዳንዳቸው ሰባት ጊዜ ይገጥማሉ፤ አራት ያሸነፈ ከፍ፣ አራት የተሸነፈ ዝቅ ይላል። ኩሮኢዋ ጉልበቱ አብጦ አምስቴ ወድቋል። ኬንጎ ሦስት አሸንፎ ሦስት ተሸንፏል፤ የቀረችው የነገዋ ግጥሚያ ናት። ካሸነፈ ከኩሮኢዋ በላይ ይሆናል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

«ነገ በእግርህ ሄደህ የምትገጥም መስሎሃል?» አለና ኩሮኢዋ የቀርከሃ ዱላውን አነሳ። የቤቱ መምህር ከፍ ካለው መቀመጫቸው ላይ እያዩ ሻያቸውን ፉት አሉ።

በማግስቱ ኬንጎ ጀርባው ሰንበር በሰንበር ሆኖ ወደ ውድድሩ ክብ ገባ። እሱና ከሌላ ቤት የመጣው ተጋጣሚው እጃቸውን መሬት አስነክተው ተወረወሩ። ግንባር ከግንባር ተላተመ፤ የኬንጎ አፍንጫ ደም ረጨ። ሰውየው በጥፊ እያጣደፈ ወደ ኋላ ገፋው፣ ተረከዙ የክቡን የገለባ ጠርዝ ነካ። አንዲት ጣቱ ከጠርዙ ውጭ ብታርፍ አበቃለት። ያን ጊዜ የአሸዋው ጣዕም አፉ ላይ መጣበት። የሰውየውን ቀበቶ ጨምድዶ ያዘና አዙሮ በጎኑ አነጠፈው። ከውስጥ እግሩ ሌላ መሬት የነካ ተሸናፊ ነው። ዳኛው በእጁ የያዘውን ማራገቢያ ወደ አሸናፊው ወደ ኬንጎ ቀሰረ።

አዲሱ የማዕረግ ዝርዝር በወጣ ማግስት ጠዋት ኬንጎ ክቡ መሀል ቆሞ ደረቱን መታ። «ና፣ ግፋኝ።»

ኩሮኢዋ በፋሻ የታሰረ ጉልበቱን እየጎተተ ተንደርድሮ መጣ። ኬንጎ አንገቱን ይዞ ደፋው። ሲነሳ ደግሞ ደፋው። ደስ አለው፤ መደበቅ ምን ይሠራል፣ በጣም ደስ አለው። በመጨረሻ ያ የታመመ ጉልበት ከመሬት ሲጋጭ ኩሮኢዋ ቃተተ።

«አቃሰትክ እንዴ?» አለ ኬንጎ። ድምፁ የራሱ አልመስለው አለ። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አሸዋ ዘገነ።

ኩሮኢዋ አልተቆጣም፣ አልለመነም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ፣ ዓይኖቹን ጨፈነ፣ አሸዋው እንዳያንቀው ምላሱን ሰብስቦ አፉን ከፈተ። ማንም ሳያዘው ነው ያደረገው። ኬንጎ ያን ጊዜ ገባው፤ ይህን አፍ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው አስለምዶታል።

ሌሎቹ ታጋዮች ልምምዳቸውን አቁመው ያያሉ። መምህሩም ያያሉ፣ ሻያቸውን እንደያዙ። ኬንጎ ጣቶቹን ፈታ። አሸዋው እግሩ ሥር ፈሰሰ፤ በእግሩ አስተካክሎ ደለደለው።

«አፍህን ዝጋ» አለ። «ወደ ደህናው እግርህ አዘንብለህ ተነስና ደግመህ ግፋኝ።»

ኩሮኢዋ እየተንገዳገደ ተነሳ። እንደ ደንቡ ሊያመሰግን አንገቱን ሰበር ሲያደርግ ኬንጎ ደረቱን ከፍቶ ጠበቀው።

«እሱ ይቅር፣ ጋሼ» አለው።