እኔ ብቻዬን ነው የምነዳው

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ ጥላ አየሁ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ "በደንብ ተኛ" ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ እናቴ ስለ ዛር ማውራት ስትጀምር እንኳን ተነስቼ ዕቃ አጥብ ነበር፣ አሁንም የምነግራችሁ አምኜ ሳይሆን ተናድጄ ነው። ስሜን ያስጠፋብኝ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ሳይክል እወዳለሁ። ያደግኩት ባህር ዳር ነው፣ እዚያ ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ ዞሮ የሚያይ የለም፣ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከመጣሁ በኋላ ግን፣ እመኑኝ፣ ሳይክሌን ይዤ በወጣሁ ቁጥር አንድ ሐበሻ መኪናውን ያቆምና "እህቴ፣ መኪናሽ ተበላሸ እንዴ? ራይድ ልስጥሽ?" ይለኛል። መኪና አለኝ! ፓርክ አድርጌው ነው የመጣሁት! ደስ ስለሚለኝ ነው የምነዳው ብል ማን ሊሰማኝ። የምሠራው አቮንዴል እስቴትስ፣ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ እውላለሁ፣ ከዚያ በስኮትዴል በኩል በሚያልፈው የእግረኛና የሳይክል መንገድ ወደ ቤቴ ስነዳ ያቺ ጊዜ የእኔ ናት፣ የአለቃዬም አይደለች፣ የባሌም አይደለች።

ኖቬምበር ላይ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ከሥራ ስወጣ ጨልሞ ይጠብቀኛል። ሁሉም ሰው "እስከ ማርች አስቀምጪው" አለኝ፣ እኔም ሞኝ ሆኜ ሰማሁና በረንዳ ላይ በላስቲክ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምግብ አልጥም አለኝ፣ ባሌ ሳምሶንና ልጆቻችን ላይ ያለ ምክንያት እጮህ ጀመር፣ በመጨረሻ ራሱ ሳምሶን ላስቲኩን ገፎ "በፈጠረሽ ሂጂና ንጂ፣ እኛም ሰላም እናግኝ" አለኝ። የፊትና የኋላ መብራት ገዛሁ፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ገዛሁ፣ ወፍራም ጓንት ገዛሁ፣ የገና ዛፍ መስዬ ወጣሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጨለማውንም ወደድኩት፣ ብርዱ ፊትን ሲያቃጥል፣ የራስ ትንፋሽ ከፊት ለፊት እንደ ጭስ ሲሄድ፣ ከበጋው ይበልጣል።

ታዲያ አንድ ምሽት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ የመኪናዋን መስኮት ዝቅ አደረገችና በጨዋ ደንብ "አንቺስ መብራት አለሽ፣ ጓደኛሽ ግን ምንም የለውም፣ መኪና ይገጨዋል" አለችኝ። ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። ተሳስታ ነው ብዬ ሄድኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ስኮትዴል ላይ ፖሊስ አስቆመኝ፣ ከመኪናው ወረደና "ከኋላሽ የነበረው ሰውዬ የት ገባ?" አለኝ። ብቻዬን ነኝ ስለው "ማም፣ አሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ" ብሎ ባትሪውን እያበራ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ፈለገ፣ ሲያጣው ጊዜ እኔን ወንጀለኛ ያስመለጥኩ ይመስል አስጠንቅቆኝ ሄደ። አስቡት፣ እኔን! በዚያ መንገድ ላይ ያለው መብራት ሁሉ እኔ ላይ ተንጠልጥሎ!

ይሄንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የጋሽ ታደሰን ነው። ጋሽ ታደሰ ሰፈራችን ውስጥ የሐበሻ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ከሥራ ስመለስ ሳይክሌን ግድግዳው ላይ አስደግፌ በርበሬና ዳቦ ልገዛ ገባሁ፣ እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ አይተው "ባለቤትሽ ምነው ውጭ ቆመ? ይግባ እንጂ፣ ብርድ አይደለም እንዴ!" አሉኝ።

"ሳምሶን ሥራ ላይ ነው ጋሼ፣ ማንን አይተው ነው?" አልኳቸው።

እንደገና ወደ ውጭ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሚዛኑ መለሱ። "እሺ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የእኔ ነገር አይደለም።"

ያቺ "እሺ ልጄ" ምን ማለት እንደሆነች ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ፣ ያለው የእኔ ሳይክል ብቻ ነው። ግን ፔዳል መርገጥ ስታቆሙ የኋላ ጎማ ትክ ትክ ትክ እያለ ቀስ እያለ የሚቆም ድምፅ አለ አይደል፣ እሱን ሰማሁ። አሁን ገና የደረሰ ሰው ጎማ ይመስላል። የእኔን ጎማ በእጄ ነካሁት፣ አይዞርም።

ሳምንት አልሞላውም፣ ሳምሶን ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ። ኤርፖርት ሰው በማመላለስ ነው የሚሠራው፣ ሾፌሮች ደግሞ ወሬ ከራዲዮ ቀድሞ ይደርሳቸዋል።

"አብሮሽ የሚነዳው ማን ነው?"

"ማንም።"

"ሦስት ሰው ነው የነገረኝ።"

"ሠላሳ ይንገርህ! እኔ ብቻዬን ነው የምነዳው!"

"ለዚህ ነው በዚህ ብርድ ሳይክል ሳይክል የምትይው?"

የያዝኩትን ሳህን እንዴት እንዳልወረወርኩት አላውቅም። "ከሥራ ኦፍ ስትሆን ና" አልኩት፣ "ከሥራ ቦታዬ ጀምረህ በመኪና ተከተለኝ፣ የመኪናውና የሳይክሉ መንገድ ጎን ለጎን ነው፣ ብቻዬን መሆኔን እስከ ቤት ድረስ ካላየህ ባል አይደለህም።"

መጣ። በር ላይ ፓርክ አድርጎ አየሁት፣ ሰላም እንኳን ሳልለው ተነሳሁ። በንዴት ነው የምረግጠው፣ ዞሬም አላይም፣ የመኪናው መብራት ከጎኔ በስተኋላ እየመጣ ነው። ስኮትዴልን አልፎ ያለው ዳገት ላይ ስደርስ ያ ድምፅ መጣ፣ ትክ ትክ ትክ፣ ልክ ከጀርባዬ። እኔ እየረገጥኩ ነኝ፣ ስለዚህ የእኔ ጎማ አይደለም። የሳይክል ሰው ብቻ ነው የሚገባው፣ ይሄ ድምፅ የሚመጣው ሰው መርገጥ አቁሞ እንዲያው ሲንሸራተት ነው፣ ዳገት ላይ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ሳይረግጥ ሽቅብ የሚንሸራተት ሰው አልተፈጠረም። ሳምሶን አለ፣ ሳምሶን ያያል፣ እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ረገጥኩ። ዳገቱ ሲያልቅ ቀና ብዬ ወደ መንገዱ አየሁ፣ የሳምሶን መኪና የለም።

ቤት ገብቼ ጠበቅኩት። ስልክ አያነሳም። ቆይቶ ቆይቶ መጣ፣ ከመኪናው ግን አይወርድም፣ ወርጄ በሩን ከፈትኩት።

"የት ጠፋህ? አየህ አይደል፣ ብቻዬን ነበርኩ?"

"መስኮቱን አውርጄ ከሚስቴ ምን ትፈልጋለህ አልኩት" አለኝ ሳያየኝ።

"ማንን?"

"ከኋላሽ የነበረውን ነዋ!" ከዚያ ድምፁ ወረደ። "በስሜ ጠራኝ። 'ሳምሶን፣ አንተ ሂድ፣ እኔ አለሁላት' አለኝ። በአማርኛ።"

"አንተስ ምን አልከው?"

መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። "እሺ አልኩት።"

"እሺ?"

"እሺ ብዬ ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ አላውቅም፣ ራሴን ያገኘሁት ፓይን ሌክ ውሃው ዳር ነው፣ ሞተሩን አጥፍቼ ተቀምጬ።"

"ፊቱን አየኸው?"

"አየሁት።"

"እኮ ምን ይመስላል?"

"በልጆቻችን ይዤሻለሁ፣ ይሄን አትጠይቂኝ።"

እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ ወንድ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፣ ጭራሽ ጠዋት ስወጣ ጓንቴን እያቀበለ ይሸኘኛል። ሰው ይሄን ሲሰማ "ተመስገን በይ፣ መልአክ ነው የሚጠብቅሽ" ይለኛል። ምን ዓይነት መልአክ ነው የሰው ስም የሚያጠፋ? ማን ጠብቀኝ አለው? እሱ ሳልለምነው "አለሁላት" ይላል፣ ባሌ ደግሞ በገበያ እንደተሸጠች በግ "እሺ" ብሎ ያስረክበኛል፣ ሁለት ወንዶች በእኔ ጉዳይ ተነጋግረው ተስማሙ፣ እኔ ግን የሌለሁ ያህል! ጋሽ ታደሰም እስካሁን ቀና ብለው አያዩኝም፣ ይቅርታ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።

ሳይክሉን አስቀምጪው ያላችሁኝ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ አላስቀመጥኩትም። አንድ ቀን ያው ዳገት ላይ ያ ትክ ትክ ሲጀምር ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ወደ ኋላዬ ዞርኩና ባዶውን ጨለማ "ስማ! ወይ ተመለስ፣ ወይ ቅደም፣ ከኋላዬ ግን ጥፋ!" ብዬ እስኪበቃኝ ጮህኩበት።

ድምፁ ቆመ። የራሴ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። አንድ ነገር ከጎኔ አለፈ አልላችሁም፣ ንፋስም አልነካኝም። ሄልሜቴን አስተካክዬ ልነሳ ስል ከፊት ለፊቴ፣ መንገዱ ወደ እኛ ቤት ታጥፎ በሚጨልምበት በኩል፣ ትክ፣ ትክ፣ ትክ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እስክደርስበት እንደሚጠብቅ ሰው።

ምን ላድርግ፣ ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ እሱ ነው። ነዳሁ።