የመስከረሙ ውጤት

መምህር ዘገዬ ፒያሳ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ በሚያወርደው የእንጨት ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጊዜው የሰኔ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ከበላዩ የተሰቀለው ሰሌዳ «ልጅዎ በአንድ ዓመት እጥፍ ያድጋል!» ይላል። ኢንስፔክተር ለተክርስቶስ ሬሳውንም ሰሌዳውንም አየችና ደሟ ፈላ። የሟቹ ጭብጥ ውስጥ የተቀደደ የወረቀት ጫፍ ነበር።

ተማሪዎቹ በጊዜ ተለቀዋል። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው።

ዳይሬክተሩ አቶ ሉልሰገድ ኮታቸውን ቆልፈው ጠበቋት።

«ዘገዬ የልጆቹን የመስከረም ፈተና ውጤት ሲነካካ ነበር። ዛሬም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቀይሯል። ራሴ አላየሁትም፤ መዝገቡ ነው የሚናገረው። እንደተነቃበት ሲያውቅ ደንግጦ ወድቆ ይሆናል።»

ኢንስፔክተሯ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መዝገብ ከፈተች። የመጨረሻው፣ የዛሬው መስመር «ዘገዬ፣ 9:30» ይላል። ከእሱ በላይ ያሉት የቀደሙ ቀናት መስመሮች 13:15፣ 15:40 እያሉ ይወርዳሉ።

«ሰዓቱን ማሽኑ ነው የሚሞላው?» አለችው ቴክኒሻኑን ማቲዎስን።

«ኧረ የገባው ሰው ነው በእጁ የሚጽፈው። እኔና ዘገዬ በማሽኑ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። የይለፍ ቃሉን ከእኛ ሌላ የሚያውቁት ዳይሬክተሩ ብቻ ናቸው።»

የጽዳት ሠራተኛዋ የሺዓለም ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። ልጇ ዊንታ እዚያው በነፃ ትማራለች፤ በመስከረሙ ውጤት ምክንያት አንድ ክፍል ወደ ታች አውርደዋታል።

«ዘጠኝ ተኩል ላይ በሩ ጋ ከእኔ ጋር ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል አብረን ሰምተናል። ‹ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም፤ እውነተኛውን ውጤት አትሜ አመጣልዎታለሁ› ብሎኝ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ወጣ። በዚያው ቀረ።»

ለተክርስቶስ ሦስቱንም ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ሉልሰገድ፣ በዚህ ማሽን አቆጣጠር 9:30 ማለት ጠዋት ሦስት ተኩል ነው። ከሰዓት በኋላ መሆኑን በምን አወቁ?»

ዳይሬክተሩ ኮታቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«ማቲዎስ ቢጽፈው 15:30 ይል ነበር። ዘገዬም እንደዚያው። የይለፍ ቃሉ ኖሮት በለመደው በእኛ ሰዓት የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ ዘገዬ ያን ጊዜ በሩ ጋ ነበር። ኪስዎን ያሳዩኝ።»

ከኮታቸው የተጨማደደ ወረቀት ወጣ። የሟቹ ጭብጥ ውስጥ የነበረው ጫፍ ልክ ገጠመለት።

«መስከረም ላይ የልጆቹን ውጤት በሐሰት ዝቅ አደረጉ። ሰኔ ላይ እውነተኛው ሲጻፍ ዕድገት መሰለ። ዘገዬ የመስከረሙን እውነተኛ ውጤት አትሞ ሲወርድ ወረቀቱን ሊቀሙት ታገሉት፤ ገፈተሩት። ከዚያ ተመልሰው ኃጢአትዎን በስሙ ጻፉበት!»

«ዕድገት ያላየ ወላጅ ልጁን ያስወጣል!» ብለው ጮኹ። «ምን ላድርግ?»

«ያደጉትንማ ልጆች ነው የረገጡት!» ለተክርስቶስ ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታችው። ወረቀቱን ወደ የሺዓለም አዞረችና በጣቷ እያመለከተች አነበበችላት፦ «ዊንታ፣ መስከረም፣ ከአርባ ሠላሳ አራት።»

የሺዓለም በእጇ የያዘችውን መወልወያ ለቀቀችው።

«አሥራ አንድ አመጣች ብለውኝ እኮ...» አለች መዳፏን እያየች። «በዚህ እጄ ነው የገረፍኳት።»