ከንፈሯ ብቻ ነው የቀረው

«ዛሬስ ደረሰ?» አለ መካኒኩ፣ ገና በሩ ላይ ሆኖ።

«ከንፈሯ ብቻ ነው የቀረው» አለች ልጅቷ፣ ብሩሿን አንስታ። ቀና ብላ አላየችውም። ቀና ካለች ፊቷ እንደሚያጋልጣት ታውቃለች።

በአጎቷ ፎቶ ቤት የተቀደዱና የደበዘዙ ፎቶዎችን የምታድሰው እሷ ናት። አንድ ቀን አሮጌ ፍሬም ስትፈታ ከሥዕሉ ጀርባ ይህ ፎቶ ወጣ። ሚሲዮናውያን ባልና ሚስት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ መሐላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። ከጀርባው የቤተሰቡ ስም ተጽፏል። ፎቶ አዳሿ ልጅ ደግሞ ባለቤት ያጣ ፎቶ እጇ ላይ ሲያድር እንቅልፍ አይወስዳትም። ጠያይቃ ጠያይቃ ዘራቸውን አገኘች። የመጣው ይህ መካኒክ ነው። መሐል የቆመችው ልጅ አያቱ ነበሩ።

አያቱ ገና በልጅነታቸው ለትምህርት አክስታቸው ዘንድ ተልከው እናታቸውን ዳግመኛ አላዩም። ፎቶም አልነበራቸውም። የእናታቸውን ፊት አንዴ ማየት ነው ምኞታቸው።

የእናትየዋን ከንፈር እርጥበት ነክቶት ነጭ እድፍ ሆኗል። ሌላው ሁሉ ካለቀ ቆየ፤ ከንፈሩም ቢሆን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግን ካለቀ መካኒኩ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ሲመጣ ፎቶውን እንዳያቆሽሽ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ ይላል። ስለ ሞተር ያወራታል፣ ያስቃታል፤ ትንፋሹን በሰማች ቁጥር ልቧ ድው ድው ይላል። አጎቷ ነገሩ ገብቶት «የታመመው ፎቶው ነው ወይስ አስታማሚዋ?» እያለ ይተርባታል። አያትየው ቸኩለው እንደሆነ አንዴ ጠይቃው ነበር። «ኧረ አይቸኩሉም» አላት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ።

ዛሬ ግን ጎንበስ አላለም።

«ጠዋት አያቴ የተሰቀለ ኮቴን አዩና እኔ መሰላቸው። ቁርስ በልተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ሐኪሙ ከነገረኝ ቆይቷል።»

ልጅቷ ክው አለች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትጨርሺዋለሻ።»

ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። ስትመኘው የኖረችውን ቃል ሰማች፤ ደስ ሊላት ግን አልቻለም። ለካ ሁለቱም ለየራሳቸው ሲሉ የአሮጊቷን ብርሃን እየበሉ ነበር። ፎቶውን ጠቅልላ ተነሳች።

ወደ አያቱ ቤት በሚወስዳቸው ታክሲ ውስጥ፣ መንገዱ በተዘጋጋ ቁጥር እሷ ፀሐይዋን ታያለች፣ እሱ ሾፌሩን።

አያትየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ጥላ ነው የሚታየኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ እግራቸው ሥር በርከክ አለች። ፎቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታውቀዋለች። የአባትየውን የተፈታ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የትንሿን ልጅ የጠመመ ካልሲ ነገረቻቸው። «የእናትዎ እጅ ትከሻዎ ላይ ነው። አውራ ጣታቸው ጆሮዎን ነክቷል።»

አያትየው ጆሯቸውን ያዙ። «ስታባብለኝ ጆሮዬን ታሸው ነበር። ከንፈሯስ?»

«እድፍ ይዞታል። ማስተካከል እችል ነበር። የልጅ ልጅዎ መምጣቱን እንዳያቆም ብዬ አቆየሁት። በዓይንዎ ላይ ፈረድኩ።»

መካኒኩ እጆቹን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ግድግዳው ተደግፎ ቀረ። ጥፋቱ የእሱም እንደሆነ ያውቃል።

አያትየው እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን ፊት ፈለጉ። ጣታቸው ከንፈሯ ላይ ቆመ። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«እናቴም ስትሸኘኝ እንዲህ ነበረች» አሉ። «አሁን አየኋት።»

ጣታቸውን ሳያነሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«አንተ! ይቺን ደግሞ እንዳትሸኛት።»

መካኒኩ እጆቹን ፈታ።