የበዓል ድምፅ

እዚያ ትምህርት ቤት የበዓል መድረስ የሚታወቀው በቀን መቁጠሪያ አልነበረም፤ በአንዲት መምህርት ጉሮሮ ነበር። ዕረፍቱ ሲቃረብ ድምጿ መሻከር ይጀምራል፣ ቀጥሎ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ይኼኔ ተማሪው ሁሉ «የበዓል ድምፅ መጣ!» ብሎ ይጨፍራል። ጉድ አትሉም? ሰው ሲታመም የሚጨፈርበት ትምህርት ቤት!

በየበዓሉ ዋዜማ ለሚደረገው የመዝጊያ ዝግጅት መዝሙር የምታስጠናው እሷ፣ ድራማውን የምታዘጋጀው እሷ፣ አዳራሽ ሙሉ ጯሂ ጸጥ የምታሰኘው እሷ። የአዳራሹ ማይክሮፎን ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚያሠራው ግን ጠፋ። «እሷ እያለች ማይክሮፎን ምን ያደርግልናል? ድምጿ የውጭ በር ድረስ ይሰማል እኮ» ይሉ ነበር ርዕሰ መምህሩ፣ ያሞገሷት መስሏቸው።

ከተማሪዎቹ መካከል ካሴት የሚሏት ልጅ ነበረች። የሰማችውን ድምፅ ሁሉ አስመስላ ቁጭ ስለምታደርገው ነው ስሙ የወጣላት። የርዕሰ መምህሩን ሳል ትችላለች፣ የዘበኛውን ማዛጋት ትችላለች፣ የመምህርቷን ደግሞ በሁለት ዓይነት ታውቀዋለች፤ የዘወትሩንና የበዓሉን። ገበያ ያለው የበዓሉ ነበር። አንገቷን ሰገግ አድርጋ «ል... ጆ... ች...» ስትል ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ቀን መምህርቷ ራሷ በር ላይ ቆማ ሰምታት ስቃለች። ሳቋም ድምፅ አልነበረውም። ማን ልብ ብሎ!

የዝግጅቱ ዋዜማ ካሴትና ጓደኞቿ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ዕቃ ክፍል የድራማ ልብስ ይለካሉ። ጫጫታው ሲበዛባት ካሴት ወንበር ላይ ወጣችና የዘወትሩን፣ ጥርት ያለውን ድምፅ አወጣችው።

«እስቲ ጸጥታ! አሁንም የማን አፍ ነው የሚሠራው?»

ቁርጥ መምህርቷን!

በሩ ብርግድ አለ። የመምህርቷ ትንሿ ልጅ ነበረች፤ ገና ፊደል ያልጀመረች። ቤት የሚይዛት ስለሌለ የመምህራን ክፍል ነው የምትውለው። እየሮጠች ስትመጣ አንድ ጫማዋን የሆነ ቦታ ጥላዋለች።

«እማዬ! ድምፅሽ መጣ?»

ልጅቷ ከተሰቀሉት ልብሶች ኋላ ፈለገች፣ መጋረጃውን ገልጣ አየች።

«እማዬስ? አሁን እዚህ ነበረች እኮ!»

«እኔ ነኝ ሚጡዬ፣ ስቀልድ ነው» አለች ካሴት፣ ፈገግ ለማለት እየታገለች። «እማዬ አዳራሽ ናቸው፣ እያወሩ።»

«እዛ ታወራለች። ቤት አታወራም።» ልጅቷ የምትናገረው እንደ ተራ ነገር ነው። «ቤት በእጇ ነው። አንዴ ካጨበጨበች ነይ ነው፤ ሁለቴ ካጨበጨበች ተኚ ነው። ድምጿ ለእናንተ ነው የሚያልቀው። እስቲ ድገሚው? በእማዬ ድምፅ ስሜን ጥሪው።»

ካሴት አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። አስተማሪውን ሁሉ በመልስ የምታፋጥጥ ምላሰኛ፣ አንዲት ፍሬ ሕፃን ፊት ድርቅ ብላ ቀረች።

የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ አዳራሹ ሄደች። መምህርቷ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማለች፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ምንም የለም። ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው እንኳ የለም። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳቀ! የካሴትን ቀልድ የምትቀልድ መስሏቸው እየተንከተከቱ አጨበጨቡላት። መምህርቷ ጉሮሮዋን ያዘች፣ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። መሐረቡ ሲነሳ ደም ነክቶት ነበር።

ሳቁ ድርግም አለ።

ርዕሰ መምህሩና የወላጆች ኮሚቴው ሊቀመንበር እየሮጡ ደረሱ። ወይ ጉድ ማለት ይኼኔ ነው።

«ሞቅ ያለ ውሃ ስጧት» አሉ ሊቀመንበሩ። «ነገን እንደምንም ትቻለው። ከዚያ ዕረፍት አይደል? እንደ ልቧ ትተኛለች። መምህርነት እኮ መስዋዕትነት ነው።»

«የምን ዕረፍት?» ካሴት አፈነዳችው። «ጋሼ፣ በዕረፍቱም ማጠናከሪያ የሚያስተምሩት እሳቸው አይደሉ? የእርስዎ ልጅ ራሱ አለበት!»

«አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ አርፈሽ...» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ትልቅ ሰው ደም ሲያይ ሐኪም ቤት ይላል እንጂ ሞቅ ያለ ውሃ አይልም!»

ርዕሰ መምህሩ ሊቆጡ ጣታቸውን ቀሰሩ። በዚህ መሃል መምህርቷ ራሷን እየነቀነቀች አንድ ጣቷን አነሳች፣ እጇን ወደ ፊት ገፋ አደረገች።

«ነገ ብቻ፣ ነው የምትለው» አለች ትንሿ ልጅ፣ እንደ አስተርጓሚ። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትለው።»

የርዕሰ መምህሩ ጣት አየር ላይ ቀረ። ከዚያ «መኪና አምጡ» አሉ።

ሐኪም ቤት፣ ሐኪሟ የመምህርቷን ጉሮሮ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «መቼ ነው የጀመራት?»

«በየበዓሉ ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«በየበዓሉ? እናንተስ ምን አደረጋችሁ?»

እሳቸው መሬት መሬቱን አዩ። «ስቀን አለፍን» ይበሉ? ሐኪሟ ትምህርት እስኪከፈት ድረስ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ፣ ማንሾካሾክም ቢሆን እንዳትሞክር አዘዘች። ካልሆነ ድምጿ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። መምህርቷ ይህን ስትሰማ ልጇን አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ርዕሰ መምህሩ ሲመለሱ ካሴትን ለብቻዋ ጠሯት። «አንቺ እኮ ድምጿን ትችዪዋለሽ። ነገ እንደ እሷ ሆነሽ ዝግጅቱን ብትመሪልንስ?»

«አልችልም» አለች ካሴት። ትችል ነበር። «የእሳቸውን ሥራ ለአንድ ሰው አይስጡት። ያከፋፍሉት።»

በማግስቱ ጠዋት ማይክሮፎኑን የሚያሠራ ሰው ተጠራ። አንዲት የተበጠሰች ሽቦ ነበረች! ሠራተኛው ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ጨረሳት። አስተማሪዎቹ ዙሪያውን ቆመው እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። ለዚህች ሽቦ ነበር የሰው ጉሮሮ የደማው። መዝሙሩን ሌላ አስተማሪ ወሰደ፣ ልብሱን እናቶች ያዙ፣ ልጆችን ጸጥ ማሰኘቱ ለሊቀመንበሩ ደረሰ። እሳቸውም ምሳ ሳይደርስ እንደ ጎረምሳ ድምፃቸው ይሰነጠቅ ጀመር፤ ስለ መስዋዕትነት ደግመው አላነሱም። መዝሙሩ ተዛባ፣ የድራማው ንጉሥ ዘውዱን ረሳ። ማንም አልሞተም። በዕረፍቱ ማጠናከሪያ አልነበረም፣ የመምህርቷ ስልክ አልጮኸም፤ ጎረቤት የሆኑ ወላጆች ልጅቷን እየተቀባበሉ ከልጆቻቸው ጋር አጫወቷት።

እንግዲህ ወላጆች፣ አለቆች፣ ተማሪዎችም፣ አትቆጡና ልጠይቃችሁ። የእናንተ ትምህርት ቤት «እሷ እኮ ትወደዋለች» እያላችሁ የጫናችሁባት ሰው የለችም? ወገቧን ስትይዝ፣ ድምጿ ሲዘጋ፣ ሳቃችሁ ወይስ ጠየቃችሁ? አስተማሪዎችም «ነገ ብቻ» እያላችሁ ራሳችሁን አትሸውዱ። ቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ሰው ትርፍራፊ አይገባውም።

ትምህርት ሲከፈት መምህርቷ ክፍል ገባች። ካሴት ከኋላ ወንበር ላይ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

«ደህና ከረማችሁ?»

ድምፅ ነው። ግን ያ የውጭ በር ድረስ የሚሰማው አይደለም። ቀጭን፣ ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ ላይ የሻከረ ነው። ሐኪሟ የድሮው ምናልባት አይመለስም ብላለች። ካሴት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ይህን ድምፅ መቼም እንደማታስመስለው ወዲያው አወቀች።

«ከእንግዲህ አልጮህም» አለች መምህርቷ። «ግማሹን ለቤቴ ነው የማስቀረው። ከኋላ ያላችሁ ላይሰማችሁ ይችላል። መስማት የሚፈልግ ይጠጋ።»

ካሴት ተነሳች፣ የዴስኳን አንድ ጫፍ ያዘች። ጓደኛዋ ሌላውን ጫፍ ያዘችላት። መሬት ለመሬት አልጎተቱትም፤ ድምፅ እንዳያወጣ አንሥተው ወደ ፊት ተሸከሙት። ከኋላቸው ክፍሉ በሙሉ ዴስኩን እያነሳ ተከተለ።