የሀጂ ዒምራን ባንኮኒ

መይሙና ቆቦ ገበያ ዳር ባለው የአባቷ የሀጂ ዒምራን ጨርቅ ሱቅ የምትውል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች። በ1999 ዓ.ም. ሀጂ አዲስ ባንኮኒ አሠሩ። የብሎኖቹ ራስ ግን ከጣውላው በላይ ወጥቶ ስለቀረ የሚዘረጋውን ሻሽ ሁሉ ክሩን ይመዘው ጀመር። ሠሪው ከተማውን ለቆ ነበርና ሰላሁዲን የሚባል ወጣት አናጢ ተጠራ።

«በመዶሻ ብትመታቸውስ?» አለችው መይሙና።

«እንጨቱ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ተነቅሎ የቀዳዳው አፍ መስፋት አለበት። ያኔ የብሎኑ ራስ ገብቶ ከጣውላው እኩል ይተኛል።»

አንዱን ሠርቶ አሳያት። በጣቷ ዳሰሰችውና ፈገግ አለች። ቀና ሲል ዓይናቸው ተጋጨ፤ ሁለቱም ቶሎ አቀረቀሩ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። የሚያወሩት ስለ ብሎን ብቻ ነበር፤ በየመሀሉ ያለው ዝምታ ግን በየቀኑ እየረዘመ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሀጂ ከመስጊድ ተመልሰው፣ አናጢውን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ «መይሙና፣ ጁምዓ የዋጃ ሰዎች ለልጃቸው ሊጠይቁሽ ይመጣሉ። ቃል ሰጥቻለሁ» አሏት።

መሰርሰሪያው ከሰላሁዲን እጅ አምልጦ ጣውላውን በስቶ ወጣ።

«ምን ነካህ፣ አንተ ልጅ!»

መይሙና የያዘችውን ሜትር አስቀመጠች።

«ንግግርዎ ነው ያስደነገጠው፣ አባባ። እኔንም አስደንግጦኛል።»

ሀጂ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ አናጢውን አዩ።

«በመካከላችሁ ምን አለ?»

«ወላሂ፣ ከሥራው ውጪ አንድ ቃል አልተናገርኳትም» አለ ሰላሁዲን። «ቢፈቅዱልኝ ግን ሽማግሌ እልክ ነበር።»

«ውጣ!»

ወጣ።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ የዋጃ ሰዎች መኪና በሰላሁዲን ሥራ ቤት በኩል አልፎ ወደ ሀጂ ቤት ታጠፈ። ሰላሁዲን መጋዙን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። እልልታ እንዳይሰማ እየፈራ ጆሮውን መንገዱ ላይ ጣለ። አሥር ሰዓት ላይ መኪናው ተመልሶ አለፈ። ውስጡ ያሉት ሰዎች ፊታቸው ጠቁሯል።

ጥቂት ቆይቶ ሀጂ ዒምራን ብቻቸውን መጥተው የሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«እንግዶቼ ፊት ወጥታ ‹አልፈልግም› አለች» አሉ። ግንባራቸው አልተፈታም። «ያለ ፈቃዷ ኒካህ አይታሰርም፤ መለስኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ ቃሌን አጠፍኩ።»

ሀጂ ሊሄዱ ዞረው እንደገና ቆሙ።

«እሁድ ሽማግሌ ላክ። የተቆጣ ሰው ማባበል የሚችሉ ይሁኑ፤ ገና አልበረደልኝም።»