የሮዛ አረንጓዴ ስጎ

አክሊሉ ፓስታውን ሳይጨርስ ሞተ። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ኦክላንድ ባለችው የሮዛ ምግብ ቤት በእናቱና በሚስቱ መካከል እንደተቀመጠ ጉሮሮው አበጠ፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ እንኳ አልቆየላቸውም። ሰኞ ጠዋት ጉዳዩ ወርቅዬ እጅ ገባ።

ወርቅዬ አዲስ አበባ ነርስ ነበረች፤ አሁን የካውንቲው የሞት መርማሪ ናት። ዓይኗስ አይጣል ነው! ሳጅን ኬሲ ግን ነገሩን ጨርሼዋለሁ ባይ ነበር።

«ሰውየው እዚህ አገር ከመጣ ወዲህ ለውዝ አይስማማውም፤ ሐኪም አስጠንቅቆታል» አላት። «ሮዛ ቤት ደግሞ ምርጫ የለም፤ የዕለቱን ምግብ ሁሉም እኩል ይበላል። የቅዳሜው ፓስታ ለውዝ የተፈጨበት አረንጓዴ ስጎ ነበረው። አብሳዩ ለእሱ ብቻ በቲማቲም ለይቶ ሠራለት። ሆዱ ውስጥ ግን ለውዝ ተገኘ። ሳህኖቹ ታጥበዋል። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

አብሳዩ ከማለዲን የሚባል የወሎ ልጅ ነው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ታስሯል። የሟች እህት ፅጌረዳ ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቅ ነበርና ወርቅዬን ስታያት እጇ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ ወርቅዬ፣ በሞቴ! ከማል ጉንዳን አይረግጥም!»

«ወንድምሽን ዝቷል ይላሉ።»

«ተናዶ ነው! ወንድሜ በሃይማኖት ካልተገናኘን እህቴን አልሰጥም ሲለው፣ እንግዲያው ስትሞት እንጋባለን አለው። ሰው ሁሉ ሰማ። ምነው ምላሱ በተቆረጠ!»

ወርቅዬ ልጅቷን አጽናንታ ወደ አስከሬኑ ገባች። ፊቱን ጎንበስ ብላ አየችው። በቀኝ በኩል፣ ከአፉ ጥግ እስከ ሪዙ ጫፍ፣ አረንጓዴ ስጎ ደርቋል። ከአስከሬኑ ጋር የመጣው፣ አፉን የጠረገበት ናፕኪን ላይ ያለው ግን ቀይ ብቻ ነው። ወርቅዬን የመጣላት ሐሳብ አላማራትም።

ከዚያ ሮዛ ዘንድ ሄደች። ሮዛ ሰባ ያለፋት፣ የሠራሁትን ብሉ፣ ካልፈለጋችሁ መንገዱ ሰፊ ነው የምትል ጣሊያን አሜሪካዊት ናት፤ ሰውም በዚሁ ወዷት በር ላይ ይሰለፍላታል።

«ያን ቀን እኔ ነኝ ያስተናገድኳቸው» አለች ሮዛ። «አሮጊቷ ገና ከመቀመጣቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። ሹካቸው ንጹሑን ተመለሰ። ምግቤን ጠሉት ብዬ ነበር፤ ሳህኑ ግን ግማሹ ተበልቷል።»

«የት ነበር የተቀመጡት?»

«በልጃቸው ቀኝ።»

ወርቅዬ የሟችን ሚስት እጅጋየሁን ሄይዋርድ ከተማ ያለው ቤቷ ድረስ ሄዳ አገኘቻት። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«ነፍሱን ይማር። ቅዳሜ አክሊሉ ምን ምን በላ?»

«የራሱን ፓስታ ብቻ፣ እትዬ። ሁላችንም በሹካ ነው የበላነው። ማንም ማንንም አላጎረሰም።»

«ስለ ማጉረስ የጠየቅሁሽ ነገር አለ እንዴ?»

እጅጋየሁ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከውስጥ የአማቷ የወይዘሮ ዓለምፀሐይ የልቅሶ ድምፅ ይሰማል። ከአዲስ አበባ ከመጡ ወር አልሞላቸውም፤ ልጃቸውን ካዩት ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ደም ግፊት ነው የገደለው ተብሎ ተነግሯቸዋል።

«እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ» አለች እጅጋየሁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተዉት።»

«ያ ልጅስ በእስር ይበስብስ?»

ወርቅዬ ኬሲን ለመነችው፤ አሮጊቷ ሳይሰሙ ልጁን ልቀቅልኝ አለችው። ኬሲ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አሮጊቷ ራሳቸው ካልተናገሩ አቃቤ ሕጉ አያምነኝም አለ። በቃ! ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል ሆነባት።

ረቡዕ ጠዋት ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ሁሉም ተሰበሰቡ። ከማለዲን እጁ በካቴና ታስሮ ከኬሲ አጠገብ ተቀመጠ፤ ፅጌረዳ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ወርቅዬ አሮጊቷ በማያውቁት በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«ከማለዲን ለውዝ ደብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ከቀዩ ስጎ ውስጥ ነበር የሚደብቀው። በሟቹ ሪዝ ላይ ያገኘሁት ግን አረንጓዴ ነው። ስለዚህ የገደለው ምግብ ከራሱ ሳህን አልመጣም፤ ከጎረቤቱ ሳህን ነው የመጣው። በራሱ ሹካ ቢያነሣው ከንፈሩን ይነካዋል እንጂ ጥጉን አይቀባውም። እንደዚያ የሚቀባው የሌላ ሰው እጅ ሲያጎርስ ነው። በቀኙ የተቀመጡት ሰው ሹካቸው ንጹሕ ነበር፤ እጃቸውንም ታጥበው ነው የቀረቡት። እጅጋየሁ ደግሞ ሳትጠየቅ ማንም አላጎረሰም አለችኝ። ማንም ያልጠየቀውን የሚክድ ሰው፣ ያንን አይቷል ማለት ነው።»

ሮዛ አማተበች። ኬሲ «ጠይቂያቸው» አለ።

ወርቅዬ ከወይዘሮ ዓለምፀሐይ እግር ሥር ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ቅዳሜ አክሊሉን አጉርሰውት ነበር?»

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ አለ። «እንዴታ! ምግቡ በሶብላ በሶብላ ሸተተኝ። ይሄን ያህል ዘመን በእጄ ያልጎረሰ ልጅ! አንዴ አጎረስኩት፤ አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኩለት። ምነው፣ ምን ሆነ?»

ወርቅዬ ነገረቻቸው፤ ስለ ለውዙም፣ ስለ ጉሮሮውም። ቃላቱን የቱንም ያህል ብታለዝብ ነገሩ ያው ነበር። ኬሲ የከማለዲንን ካቴና ፈታ። ልጁ ግን ከወንበሩ አልተነሣም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ።

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ አላለቀሱም። ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«አንቺ ለውዝ እንደማይስማማው ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ሳጎርሰውስ እያየሽኝ ነበር?»

«እያየሁ ነበር።»

«ታዲያ እጄን ለምን አልያዝሽውም፣ ልጄ? ለምን አልመታሽውም?»

«ልይዘው ተነሥቼ ነበር» አለች እጅጋየሁ። «እሱ በዓይኑ ተይ አለኝ። እማማ እንዳያፍሩ ብሎ… እየሳቀ ጎረሰ።»

«ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ ኬሲ ብዕሩን ይዞ።

ወርቅዬ በእንግሊዝኛ ልትነግረው ጀመረች፤ መጨረስ ግን አቃታት።