ሁለት ሚስማር

ሲግቫርት የሰደበኝ አምና በጥቅምት፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ግብዣ ላይ ነው። በእኛ ባሕር ዳርቻ የጣሪያው አናት ሲገጠም ባለቤቱ ሠራተኞቹን ያበላል፤ ጎረቤትም አይቀርም። የክሬም ገንፎው ቀርቦ፣ ቅቤው መሀሉ ላይ ቀልጦ፣ ገና ማንኪያዬን ሳነሣ ሲግቫርት ብርጭቆውን አንኳኳና «ቶርጊልስ የጣሪያ ድንጋይ ይሸከም፤ ጀርባ አለው። መደርደሩን ግን ዓይን ላለው ሰው ይተውልን» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሴት ልጁ ባል ኤይሊፍ፣ አብሮት ጣሪያ የሚሠራው፣ ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ ገንፎው ሸሚዙ ላይ እስኪፈስ ድረስ። አሮጊቷ ማግናም ሳቀች። እጇን አፏ ላይ ጭናለች፣ ግን ሳቀች፤ አይቻታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር ጣሪያ ላይ ኖሬ ምንዳዬ ይኸው ሆነ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከሲግቫርት ጋር አንድ መሰላል አልረገጥኩም።

ስለዚህ ዘንድሮ በኅዳር፣ ትልቁ የነፋስ ማዕበል ባለፈ ማግስት፣ ሲግቫርት በማግና ቤት ግድግዳ ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ መንደሩ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

ያገኘው ጎረቤቷ አስሌ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ጀልባውን ሊያይ በጠዋት ወጥቶ። ሲግቫርት በባሕሩ ወገን በሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ መሰላሉ አጠገቡ ተጋድሟል። የማግና ጣሪያ እየተቀየረ ነበር። አሮጌው ተነሥቶ፣ አዲሱ ጥቁር ስስ ድንጋይ በሁለቱም ወገን ተደርድሮ፣ አናቱ ብቻ ቀርቷል። ሁሉም «ነፋስ ጣለው» አለ። እስከ ቀትር ድረስ ብቻ። ከቀትር በኋላ የቀበሌያችን ፖሊስ የሟቹን ስልክ ከፈተና የመጨረሻው ጥሪ ወደ እኔ መሆኑን አየ። ከዚያ በኋላ ነፋሱን የከሰሰ የለም።

ከበርገን ከተማ መርማሪ በጀልባ መጣች። ሱኒቫ ትባላለች። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቀጭን ሴት ናት፤ የዝናብ ካፖርቷ የሌላ ሰው ይመስላል። እጅ አልጨበጠችም። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለችና ፊቱን ትታ እግሩን ተመለከተች።

«ይሄ የላስቲክ ቦት የእሱ ነው?»

«የእሱ ነው» አለ አስሌ። «ግራው ይፈሳል ብሎ ሁልጊዜ ያማርር ነበር።»

ተነሣችና መሰላሉን ዞረችው። ከላይኛው እርከኑ ላይ ገመድ ተጠምጥሞ ተሰቅሏል። በጣቷ ነካችው። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ሸራ በከፊል ተዘርግቶ ወድቋል፤ ውስጥ የጣሪያው ድንጋይ ትርፍ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ተደርድሯል።

ምርመራው በማግና ማድ ቤት ሆነ። እኔን ከበሩ ውጭ፣ በመተላለፊያው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፤ ፖሊሱ እንዳልጠፋ አጠገቤ ቆመ። የሳንቃው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ። ከራሴ በላይ፣ ሚስማር ላይ፣ የሲግቫርት የጣሪያ ጫማ ተንጠልጥሏል፤ ለስላሳ ሶል ያለው፣ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትተው። ሞቶም ከላዬ አልወረደም።

መጀመሪያ አስሌ ገባ።

«እርስዎ ከሟቹ ጋር ጠብ ነበረዎት ይባላል» አለችው።

«ጠብ? አምና ከሠራው ጣሪያ አንድ ድንጋይ በርሮ የጀልባዬን መስኮት ሰበረ። ሰደብኩት። ሰደበኝ። ከዚያ አብረን ዓሣ በላን። ይሄ ጠብ ነው?»

«ትናንት ማታ እዚህ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል?»

«እኔ? ልጄ፣ ባሕር ላይ ማዕበል ይዞ ያንገላታኝ፣ እሺ። ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል የምትቀይርልኝ ግን ሚስቴ ናት። ጠይቂያት።»

ቀጥሎ ማግና። እንደ ልማዷ ጣፋጭ ቂጣ፣ ቫፍል፣ ጠብሳ ይዛ ገባች፤ ሰው ሞተ ብላ እንግዳ በባዶ አፍ አታስቀምጥም። ስለ እኔ ስትጠየቅ እሷም እንደ አስሌ የግብዣውን ነገር አውርታ «ቂሙን አይረሳም» አለች።

«ትናንት ሲግቫርትን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው፣ እማማ?»

«ሊመሽ ሲል ነው። ቀኑን ሙሉ እሱንም ኤይሊፍንም አላየኋቸውም ነበር፤ ድንገት ብቻውን መጥቶ ወጣና የባሕሩን ወገን ከአናቱ ጀምሮ ይነቅል ገባ። በር የሚያህል ቀዳዳ ከፈተብኝ! ‹ምን ሆነሃል?› ብለው ከላይ ሆኖ ተራገመ። በኋላ ወርዶ ጫማውን ቀየረ። ያን ጊዜ ካፊያ ጀመረ። ‹ሸራ አለብስልሻለሁ፣ አትጨነቂ፣ ወደ ጸሎት ቤትሽ ሂጂ› አለኝ። እኔ ግን አላመንኩም፤ ቆጥ ላይ ወጥቼ ከቀዳዳው ሥር ድስት አስቀመጥኩ። ይንጠባጠብ ነበር።»

«ከጸሎት ቤት ሲመለሱስ?»

«ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። በመሬቱ ወገን በር ሮጬ ገባሁ፤ በባሕሩ ወገን ምን እንዳለ በምን አያለሁ? ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ‹ድስቱ ሞልቶ አልጋዬ ላይ ይፈሳል› ስል አደርኩ።»

«ሞላ?»

«ጣት የምታህል ውኃ አላት። እስካሁን አላነሣኋትም።»

«አያንሡት» አለች ሱኒቫ። ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ። ወጣችና ከራሴ በላይ ያለውን ጫማ አወረደች። ሶሉን ዳሰሰች፣ ውስጡን ዳሰሰች። እኔን ሳታይ «ደረቅ» አለች፤ ይዛው ገባች።

ኤይሊፍ ሲገባ እንኳ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ነው ያለፈው። እንደ ዘመድ።

«ሸራ ሊያለብስ ወጥቶ ነው» አለ ውስጥ። «ስንት ጊዜ ነገርኩት! ‹አርጅተሃል፣ በነፋስ አትውጣ› ብዬ። እኔማ ከቀትር ጀምሮ ቤቴ ነበርኩ። ባለቤቴ እናቷ ዘንድ ሄዳ ብቻዬን። ብኖር ኖሮ…»

«የባሕሩን ወገን የደረደረው ማነው?»

«እኔ። እሱ የመሬቱን ወገን።»

«ታዲያ ለምን የእርስዎን ሥራ ነቀለ?»

«ሽማግሌ ነው፤ ሰበብ አያጣም። ግን ሰው ጣለው ካላችሁ ሩቅ አትሂዱ። ውጭ የተቀመጠው ሰውዬ ቂምን እንደ ድመት አቅፎ የሚያሳድግ ነው። ማንንም ጠይቁ።»

በመጨረሻ እኔ። ድስቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጫማው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ሲግቫርት ትናንት ደውሎ ምን አለዎት?»

ጫማውን አየሁ።

«ቶርጊልስ፣ እኔ መንደራችሁን አላውቅም። በዚህ ዝምታ የሚጎዱት ግን ራስዎን ነው፤ የእጅ ሰንሰለቱ ለማን እንደተዘጋጀ ያውቃሉ።»

«‹ነገ ጠዋት ና› አለኝ። ‹ሁለት ሚስማር የሚመታ ሰው እፈልጋለሁ› አለኝ።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«እዚህ እያንዳንዱ ድንጋይ በሁለት ሚስማር ይመታል። በአንድ ከተመታ ነፋሱ ያወዛውዘዋል፤ እየተወዛወዘ ይላላል፣ አንድ ቀን ይበራል። በአንድ የሚመታ የቸኮለ ሰው ነው። ከታች አይታይም።»

«እርስዎ ምን መለሱ?»

«ምንም። ዘጋሁበት።»

«ለምን ለፖሊሱ አልነገሩትም?»

«‹ሲግቫርት ይቅርታ ጠየቀኝ› ብል ማን ያምነኛል?»

«ይሄ ይቅርታ ነው?»

«ከእሱ አፍ፣ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። «መሰላሉ ላይ ያለው ገመድስ?»

«ጫፉን ከጣሪያው መንጠቆ ጋር የምናስርበት ነው። ስናወርደው ጠምጥመን እላዩ ላይ እንሰቅለዋለን። ማንም አያስበውም፤ እጅ ያደርገዋል።»

ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ። ነፋስ የጣለው መሰላል ገመዱን አይጠመጥምም። በገዛ አፌ ‹ጣሪያ ሠሪ ነው ያወረደው› ብዬ መሰከርኩ፤ ጣሪያ ሠሪ ደግሞ በመንደሩ የቀረነው ሁለት ነን፣ እኔና ኤይሊፍ። እሷ ግን ምንም አልጻፈችም። ወጥታ ከበርገን አብሯት የመጣውን ሰው ወደ ባሕሩ ወገን ላከችው፤ በማንሻ መኪና ወጥቶ ብዙ ቆየ።

ሲወርድ ሁላችንንም ማድ ቤት ሰበሰበችን። አስሌ ምድጃው ጋ ቆመ፣ ማግና ተቀመጠች፣ ኤይሊፍ መስኮቱን ተደገፈ። ፖሊሱ አሁንም ከእኔ አጠገብ።

«ሲግቫርት ከጣሪያ አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ጣሪያ ሠሪ እርጥብ ድንጋይ ላይ በላስቲክ ቦት አይወጣም። የጣሪያ ጫማው ደረቅ ነው፤ ካፊያው ሲጀምር ወርዶ ቀይሯል፣ ተመልሶም አልወጣም። ሸራውን ሊያመጣ ዕቃ ቤት ገባ። ሸራው በሩ ላይ ቀረ። እዚያ ነው የሞተው፤ ራሱ ላይ ያለው ቁስል ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ድንጋዩ ጠርዝ። ከዚያ ሰው ጎትቶ ግድግዳው ሥር አስተኛው፣ መሰላሉንም አወረደና አጋደመለት። ግን እጁ ሳያስበው ገመዱን ጠመጠመ።»

«ታዲያ ጣሪያ ሠሪ ነው!» አለ አስሌ። ዓይኑ እኔ ላይ ወደቀ። የሁሉም።

«አዎ። አሁን ወደ ድስቱ እንሂድ። እማማ ማግና ድስቱን ሲያስቀምጡ ቀዳዳው ክፍት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ድስቱ ውስጥ ያለው ግን ጣት የምታህል ውኃ ናት። ማለት፣ እማማ ጸሎት ቤት ሳሉ፣ ነፋሱም ሳይነሣ፣ አንድ ሰው ወጥቶ ቀዳዳውን ዘግቷል። በሸራ አይደለም፤ በድንጋይ፣ ረድፍ በረድፍ። ሲግቫርት እንዳልሆነ ጫማው ይመሰክራል። ስለዚህ ቀዳዳውን የዘጋው የገደለው ነው። ጥያቄው ለምን ዘጋው የሚል ነው። ሰው ገድሎ ማን ቆሞ ጣሪያ ይጠግናል?»

አብሯት የመጣው ሰው ሁለት ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄኛው ከተዘጋው ቀዳዳ የተነሣ ነው፤ ሁለት ሚስማር። ይሄኛው ከጎኑ፤ አንድ። ዙሪያውን ሁሉ አንድ ነው። ሲግቫርት የነቀለው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ክፍት ቢያድር ጠዋት ሬሳውን ሊያነሣ የመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ‹ይሄ ለምን ተነቀለ?› ይል ነበር፤ አንድ ሰው ወጥቶ ያይ ነበር። ገዳዩ ያ እንዳይታይ ፈለገ። ማዕበል እየመጣ ስለሆነም፣ ይህቺን ቁራሽ ብቻ ከሌላው ሁሉ አጥብቆ መታ። በዚያ ወገን በደንብ የተሠራው የገዳዩ ሥራ ብቻ ነው፣ ኤይሊፍ።»

ኤይሊፍ ሳቀ፤ ያው የግብዣው ሳቅ፣ ግን ደረቅ። «ቶርጊልስስ? እሱ መሰላል አያውቅም? ሚስማር አያውቅም?»

«እሳቸውን አስቤያለሁ» አለች ሱኒቫ። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ስለ ድስቱ እንዳወራችው ነው ያወራችው። «ቶርጊልስ ቢሆኑ ኖሮ ቀዳዳውን ክፍት ይተዉት ነበር። በግብዣው የሳቀባቸው ሰው ውርደት ሲነጋ ለመንደሩ ሁሉ እንዲታይ። ውኃው እማማ አልጋ ላይ ቢወርድም ግድ አይሰጣቸውም ነበር። ሦስታችሁም ስለ እሳቸው የነገራችሁኝ ይሄንኑ ነው፤ እኔም አምኛችኋለሁ።»

ፖሊሱ ከአጠገቤ አንድ እርምጃ ራቀ። ነፃ የወጣሁት በዚህ ነው።

ኤይሊፍ ወደ ጠረጴዛው ቀረበና አንድ ሚስማር ያለውን ድንጋይ በጣቱ ገፋ አደረገው። «ሁለት ቤት ይዤ ነበር» አለ። «ከማዕበሉ በፊት ሁለቱንም ጨርስ የሚለኝ እሱ! ‹ፍጠን፣ ፍጠን› የሚለኝ እሱ! ከዚያ ያየውን አየና፣ ዕቃ ቤቱ ድረስ ስመጣበት፣ ‹ነገ መንደሩን ጠርቼ ሁሉንም እነቅለዋለሁ› አለኝ። ‹ነቅዬ ለቶርጊልስ እሰጠዋለሁ፣ አንተ ድንጋይ ትሸከምለታለህ› አለኝ። ለቶርጊልስ!» ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት። ድንጋዩ ላይ ወደቀ።»

ፖሊሱ ለእኔ ያዘጋጀውን ሰንሰለት ለእሱ አጠለቀለት። ሱኒቫ ካፖርቷን ለበሰች፤ ወጣች። ደህና ሁኑም አላለችም።

አስሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… እኔ እንኳ መጀመሪያውኑ ተጠራጥሬ ነበር፣ ኤይሊፍን» አለ። ማንም አላየውም፤ ቫፍል አንሥቶ በላ።

ነፋሱ እንደገና መነሣት ጀምሯል። ከላይ፣ በባሕሩ ወገን፣ አንድ ድንጋይ ተንቋቋ፤ ቀጥሎ ሌላ። ማግና ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ቶርጊልስ» አለች። «ሌላው ማዕበል እሑድ ይደርሳል አሉ። ከአንተ ሌላ የቀረ ሰው የለም። ትነቅልና በሁለት ትመታልኛለህ፣ አይደለም እንዴ?»

ኮፍያዬን አነሣሁ።

«ቶርጊልስ!» እጇ አፏ ላይ ነው፣ ያኔ እንደነበረው። «ያለችው እውነት ነው? እኔ ከሥሩ ተኝቼ፣ ክፍቱን ትተወው ነበር?»

መሰላሉ ወዳለበት ወደ ባሕሩ ወገን ሳይሆን፣ በመሬቱ ወገን ባለው በር ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።